በካርኪዳካም የተሠራ የሽፈራው ቅጠል

ቬላዩዳን የሽፈራው ቅጠል አማረኝ ያለው ዝናቡ ጠንክሮ ጣሪያው እዚህም እዚያም ማፍሰስ በጀመረበት ሰሞን ነው።

«የሽፈራው ቶራን ሥሪልኝ» አለ ከአልጋው ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

ባርጋቪ ያልሰማች መሰለች። ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚያጠራቅመውን ባልዲ አንስታ ደጅ ደፋችና መልሳ ቦታው አስቀመጠችው። ዛፉ ከጉድጓዱ አጠገብ ነው፤ ባሏ ከተኛበት ሆኖ በመስኮቱ ይታየዋል። ክረምቱ ተስማምቶት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ቅጠል ተሸክሟል። ያንን ቅጠል ሸምጥጦ፣ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከከሙን፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ጠበስ አድርጎ፣ ቶራን ብሎ በሩዝ መብላት በዚያ አገር የደሃውም የሀብታሙም ምግብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ በካርኪዳካም ግን አይነካም። ካርኪዳካም የክረምቱ ጨለማ ወር ነው፤ በዚያ ወር ሽፈራው ከመሬት መርዝ እየሳበ በቅጠሉ ያጠራቅማል ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ የሚጠራጠርም የለም። ዛፉ አለቅጥ የሚለመልመው ደግሞ ልክ በዚያው ወር ነው። ሰው ጎተራው በሚራቆትበት ጊዜ ደጃፉ ላይ እንዲህ ለምልሞ መቆም የለየለት ክፋት ነው።

«ምን አሉ?» አለች ባርጋቪ በመጨረሻ።

«ሰምተሻል።»

«ወሩን ረሱት እንዴ? ይሄ ወር ወጥቶ ቺንጋም ይግባ። ቺንጋም ሲገባ ዛፉን ራቁቱን አስቀርቼ አበላዎታለሁ።»

«ቺንጋም ሲገባ እኔ የት እገኛለሁ?»

«የት ይሄዳሉ? ኮኮናት ሊያወርዱ ነው?»

ቬላዩዳን ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነበት፤ ሳሉ ደግሞ ቶሎ አልለቀው አለ። ዕድሜውን የኮኮናት ዛፍ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ከአልጋው ወርዶ እስከ በሩ መድረስ አቅቶታል። ሐኪሙ ሳንባውን አይቶ፣ ወደ ቤት ይውሰዷቸው፣ ያማራቸውን ይብሉ ብሎ ሸኝቷቸዋል። ያማራቸውን ይብሉ! ሐኪም መሆን ቀላል ነው፣ አለች ባርጋቪ በሆዷ። እሱ ምን አለበት?

ሌላ ነገር ቢያምረው ከየትም ብላ ታመጣለታለች። ከሐይቁ ዓሣ ቢል፣ ዝናብ ውስጥ ቆማም ቢሆን ዓሣ አጥማጆቹን ትለማመጣለች። ይሄ ቅጠል ግን ከእሷ ጋር የቆየ ነገር አለው።

አፑ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ነገሩ ከሆነ አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ያኔም ካርኪዳካም ነበር፤ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ግንዱ እያሟለጨ፣ ቬላዩዳን ዛፍ መውጣት ከተወ ሰንብቷል። ቤት ውስጥ ከትንሽ ሩዝ በቀር የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። ቀኑ ለሙታን ሩዝ የሚቀርብበት የጨለማ ጨረቃ ዋዜማ ነው። አማቷና የባሏ ታላቅ እህት ቺሩታ ቤተ መቅደስ ሄደዋል። አፑ ራበኝ እያለ ቀሚሷን ይጎትታል። ባርጋቪ ያኔ ልጅ እግር ነበረች። ዛፉን አየች፤ ልጇን አየች፤ ሄዳ ቀነጠሰች። ቶራኑ ሲደርስ አፑ በላ። እሷም በላች። ቬላዩዳንም ከውጭ ሲገባ ሽታው ወስዶት፣ ምድጃው አጠገብ እንደቆመ፣ ሩዙን በቅጠሉ እየጠቀለለ ጎረሰ። ከሁሉም አብልጦ የበላ እሱ ነው። መጥበሻውን ሳይቀር በጣቱ ጠርጎታል።

ማታውኑ አፑ ማስመለስ ጀመረ። ሆዱም አልቆም አለ። በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፈ። በዚያ ሳምንት በመንደሩ ሌሎች ሕፃናትም በዚያው ሕመም ሞተዋል፤ ጎርፉ የጉድጓዱን ውሃ ሁሉ አበላሽቶት ነበር። የሌሎቹን እናቶች ግን ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ጎርፍ ነው ተባለ። አማቷ ግን ከወጥ ቤቱ ጀርባ የተሸመጠጠ የሽፈራው ዘንግ አገኘች። ከዚያ ወዲያ በእነባርጋቪ ቤት ጎርፍ የሚባል ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

«እሳቸውም በልተዋል» ብላ ነበር ባርጋቪ፣ በልቅሶ መሐል።

አማቷ ወደ ልጇ ዞረች። «በልተሃል?»

ቺሩታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

«አልበላሁም» አለ ቬላዩዳን።

ባርጋቪ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህችን ቃል መልሶ እንዲውጣት። ሌላ ልጅ አልወለደችም፤ ያንንም ቅጠሉ ነው ያመጣባት አሉ። ድግስ ሲኖር ሩዝ እንድትቀቅል ይሰጧታል፤ አትክልት እንድትነካ ግን አይሰጧትም። ቺሩታ ከአጥሩ ማዶ ነው የምትኖረው። ጨዋ ሴት ናት፤ ተሳድባ አታውቅም፤ ታማ እንኳ ስትጠየቅ ትመርቃለች። ከባርጋቪ እጅ ግን ቅጠል ቀምሳ አታውቅም። ቬላዩዳንም ደግ ባል ነው፤ አይማታም፣ አይሰክርም፣ ያገኘውን ለቤቱ ነው። ነገሩን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስታነሣበት ግን ፊቱን ያዞራል። የዚያ ቤት ግድግዳ የቬላዩዳንን ፊት ከባርጋቪ የተሻለ ያውቀዋል።

አማቷ ከሞተች ቆየች። ያቺን ቃል ሰምቶ በሕይወት ያለ ከእነሱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቺሩታ። እሱ ደግሞ መሞቱ ነው። አልበላሁም እንዳለ ከሞተማ፣ ባርጋቪም ልጇን ገደለች እንደተባለች ትቀራለች። ይሄን በየሌሊቱ ታስባለች፤ እያሰበች ባልዲውን ትደፋለች።

በማግስቱ ደገመላት። «ሥሪልኝ እንጂ።»

«ሾርባ አድርጌልዎታለሁ።»

«ሾርባውን ድመቷ ትጠጣው። የሽፈራውን ነው ያልኩሽ።»

ያን ጊዜ ባርጋቪ ትዕግሥቷ አለቀ። ካገባችው ጀምሮ እርስዎ ብላ ነው የምትጠራው፤ አሁን ግን አንተ አለችው።

«ምን ፈልገህ ነው አንተ? ልጇን ገደለች መባሌ አንሶ ባሏንም ጨረሰች እንድባል ነው? በዚህ ወር አብልቼህ ብትሞት ምን እንደሚሉኝ አታውቅም?»

ቬላዩዳን ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

«እህትህን ልጥራት። በልቻለሁ በላት። ያን ቀን እኔም በልቻለሁ በላት። ከዚያ ዛፉን ከነሥሩ ነቅዬ እቀቅልልሃለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባርጋቪ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ አለቀሰች፤ ከንዴት የተነሣ ነው እንጂ ከኀዘን አልነበረም። ቆይታ የጎደሬ ቅጠል፣ የዱባ ቅጠልና አልማ ቀላቅላ፣ በወሩ የሚፈቀደውን ቶራን ሠርታ አመጣችለት። አንድ ጊዜ ጎርሶ አላመጠና መልሶ በእጁ ተፋው።

«ይሄ አይደለም» አለ።

የጨለማ ጨረቃ ዋዜማ ዕለት ከሰዓት ቺሩታ መጣች፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው በሙዝ ቅጠል የተከደነ ሳህን ይዛ። ከወንድሟ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች፣ ነጭ ለባሽ አሮጊት ናት። አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ግንባሩን ዳሰሰችው።

«እንዴት አደርክ አንተ?»

«እንዳየሽኝ።»

«ባርጋቪ፣ ትንፋሹ ከትናንት አልባሰም?»

«ብሷል እትዬ» አለች ባርጋቪ። ባልዲውን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

ቺሩታ ይህን ሰምታ ያልሰማች ያህል ወሬዋን ቀጠለች፤ ፈርታ ነው። በማግስቱ ጠዋት ልጇ ሳትያን ወንዝ ወርዶ ለአያቱ ሩዝ ያቀርባል፤ ሙቱ በቁራ ተመስሎ መጥቶ ይበላል። ቬላዩዳን አልጋ ከያዘ ወዲህ ይህ ሥራ የሳትያን ሆኗል። ለሙታን የሚያቀርብ ሰው በዋዜማው ሩዝ የሚቀምሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ከበላ የሚያቀርበው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሙቱ ጾሙን ያድራል፣ ተቆጥቶም ይመለሳል።

«ጠዋት አንዴ በላ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው» አለች ቺሩታ። «ስልኩን ይዞ ይቁነጠነጣል። እንደ አጎትህ ሁን እለዋለሁ። አጎትህ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጾሙን ሳያፈርስ ነው አባቴን ያበላው፣ አባቴ በእሱ እጅ ተርቦ አያውቅም እለዋለሁ።»

ቬላዩዳን ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አወረደ።

«ተርቧል» አለ።

«ምን?»

«አንድ ዓመት ተርቧል እትዬ። አፑ በሞተበት ዓመት።»

ባርጋቪ እጇ ላይ ያለው ባልዲ ከበዳት፤ አላስቀመጠችውም ግን።

«ምን ይላል ይሄ?» አለች ቺሩታ። «ትኩሳት ነው መሰለኝ። ውሃ ስጪው።»

«ትኩሳት የለብኝም። ጠዋት አንዴ በልቼ ነበር። ከሰዓት ስገባ ሸተተኝ። እሷ የሽፈራው ቶራን ሠርታለች። ሩዝ አለ። በላሁ። ቆሜ በላሁ። መጥበሻውን ጠረግሁት።» እያንዳንዱን ቃል በሳል እየቆረጠ ነው የሚያወጣው። «ማምሻውን ልጁን አመመው። እናቴ ስትጠይቀኝ፣ በልቻለሁ ብል አባትህን አስርበህ ነው ልትለኝ ነው። ልጁን የወሰደው አባትህ ነው ልትለኝ ነው። እኔም ውስጤ እንደዚያ ነበር የሚለኝ። አልበላሁም አልኳት።»

ቺሩታ ወደ ባርጋቪ አላየችም። እጇን ከግንባሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ልጁ በታመመ ማግስት ጠዋት ወንዝ ወርጄ ነበር» አለ ቬላዩዳን። «ሩዙን ቅጠሉ ላይ አደረግኩ። እጄን ውሃ ነክሬ አጨበጨብኩ። ቁራው መጣ። ትንሽ እንኳ አላመነታም። በላ። ቤት ስገባ ልጁ ሊሞት ነው።»

ከዚያ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። ወደ ግድግዳው መዞሩን የለመደችው ሚስቱ ዓይኑን ስታይ ደነገጠች።

«አሁን ሥሪልኝ» አላት።

ባርጋቪ ይሄን ቀን ብዙ ጊዜ በሐሳቧ ኖራዋለች። ቃሉን ሲናገር ደስታ ይፈነቅለኛል ብላ ነበር። ደስ አላላትም። በመጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው፤ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ያቅተዋል? ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣባት። እናቱን ፈርቶ ነው ስትል ነበር የኖረችው። እሱ ግን ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ሲል ኖሯል። አንድ ሕፃን ለየብቻቸው ተሸክመው፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ሲተኙ ነው ያረጁት። ጎርፉ የገደለውን ልጅ! ባልዲውን አስቀመጠችና ወጣች።

ዝናቡ ውስጥ ጃንጥላ አልያዘችም። ረጅሙን መንጠቆ አንስታ ቅርንጫፉን ወደ ታች ጎተተች፤ ቅጠሉ ያቆረው ውሃ ሁሉ ፊቷ ላይ ተደፋ። ቀንጥሳ ቀሚሷን ሞላች። ወጥ ቤት ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠችና መሸምጠጥ ጀመረች። የሽፈራው ቅጠል ደቃቃ ነው፤ ጎመን አይደለም ሁለቴ ከትፈው የሚነሡት። እያንዳንዱን ቀጭን ዘንግ ከጫፉ ይዞ ወደ ታች መሸምጠጥ፣ ከዚያ የቀረውን እንጨት አንድ ባንድ መልቀም ይፈልጋል፤ እንጨቱ ከቀረ የታመመ ሰው ጉሮሮ ላይ ይሰካል። ባለሙያ ሴት ከማታው በጨርቅ ጠቅልላ ታሳድረዋለች፤ ጠዋት ስታራግፈው ቅጠሉ ብቻውን ይረግፍላታል። ባርጋቪ ማታ አልነበራትም። ጣቶቿ እንደ ወጣትነቷ አይታዘዟትም፤ ቢሆንም ቸኮለች። ከጓዳው የቺሩታ ድምፅ ይሰማታል፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያባብል። አንዳንዴም የሱ ሳል።

እሳቱ እምቢ አላት። እንጨቱ ሁሉ እርጥብ ነው። ጣሪያው ሥር የቋጠረችውን ደረቅ የኮኮናት ቅርፊት አውርዳ ለኮሰች፤ ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት። ኮኮናቱን ለሁለት ሰንጥቃ ውሃውን ሳትጠጣ ደፋችው፤ መፈቅፈቂያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግማሹን ፈቀፈቀች። ነጩ ኮኮናት ሳህኑ ላይ ተከመረ። ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ትንሽ እርድ ጨምራ ድንጋዩ ላይ በመጁ ረገጥ ረገጥ አደረገችው፤ አላደቀቀችውም፣ ከደቀቀ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ቬላዩዳን ረገጥ ያለውን እንደሚወድ ታውቃለች። እናቱ ታደቅቀው ነበር፤ እሱ ደግሞ በድብቅ የባርጋቪ ይሻላል ይላት ነበር። በድብቅ ነው እንግዲህ፣ እንደ ሁሉ ነገሩ።

መጥበሻው ሲግል የኮኮናት ዘይት አደረገችበት። ሰናፍጩን ስትበትነው መንጣጣት ያዘ። ቁንጥር ጥሬ ሩዝ ጣል አደረገች፤ ፈነዳ። የበርበሬ ዛላ ሰብራ ከካሪ ቅጠል ጋር ስትጨምር ሽታው ቤቱን ሞላው። ከጓዳ ሳሉ ተሰማት፤ ሸተተው፣ አለች በልቧ፤ እዚያ ሆኖ ሸተተው። ፈገግ እንዳለችም አላወቀችም። ቅጠሉን በሁለት እፍኝ አምጥታ ለቀቀችው፤ ተራራ የሚያህለው ወዲያው ሟሽሾ መጥበሻው ሥር ቀረ። ሽፈራው ከከደኑት ይመራል፤ አልከደነችውም። መሐሉን ከፍታ ኮኮናቱን እዚያ አደረገች፣ ከዳር ያለውን ቅጠል በላዩ መለሰች፣ ጥቂት ጠበቀች፣ ከዚያ አማሰለችው። አረንጓዴው አረንጓዴ እንደሆነ፣ ኮኮናቱ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ሩዝ በሳህን አድርጋ ከጎኑ ጨለፈችለት። ለመሮጥ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም፤ ግን በመተላለፊያው እንደ መሮጥ አድርጓት ነበር።

ቺሩታ በተቀመጠችበት አለች። የወንድሟን እጅ ይዛለች። በሌላው እጇ የጥጥ ጨርቅ ውሃ ነክራ ከንፈሩን ታረጥባለች።

«ቀና ያድርጉልኝ እትዬ» አለች ባርጋቪ። «ትኩስ ነው። እኔ አጎርሰዋለሁ።»

ቺሩታ ጨርቁን ውሃው ውስጥ መልሳ አስቀመጠች።

«ሄደ» አለች።

ባርጋቪ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«የተኛ መስሎኝ ነበር» አለች ቺሩታ። «አንዴ ሳለ፣ ከዚያ ዝም አለ። ልጠራሽ ስል...» አልጨረሰችውም።

ባርጋቪ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳህኑ ጭኗ ላይ ነው። ሩዙ አሁንም ይተናል። እንደ ወጉ እሪ ማለት ነበረባት፤ ድምፅ አልወጣላትም። አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስባታል፤ በግድግዳ ዘመኑ ሁሉ አብራው ነበረች፣ ዞሮ ባያት ቀን ግን ወጥ ቤት ነበረች። ምነው ሾርባውን አጉርሳው በነበረ። ወይም የተገኘውን ቅጠል ከነእንጨቱ።

ቺሩታ ዓይኑን ከደነችለት፣ አገጩን በነጭ ጨርቅ አሰረችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ደጅ ያለ ሰው የሚሰማት ይመስል በሹክሹክታ ተናገረች።

«ነገ የሳትያን ሩዝም ቀረ። ቤቱ ሐዘን ገብቶበታል፣ አይቀርብም። አባቴ ዘንድሮ ጾሙን ነው።» ወደ በሩ ተመለከተች። «ያለውን ነገር ግን ባርጋቪ... ያን ዓመትም እንደዚያ እንደነበር ሳትያን አይስማ። የማቃጠያውን እሳት የሚለኩስለት እሱ ነው። አጎቱን እንደ አምላክ ነው የሚያየው። ወንድሜ በዚህ ስሙ አይሂድ።»

«የኔስ ስም?» አለች ባርጋቪ።

ቺሩታ ዞራ የወንድሟን እጅ ደረቱ ላይ አስተካከለች።

ሰው መምጣት ጀመረ። ሳትያን ጾሙን እንደያዘ፣ እርጥብ ልብሱን ሳይቀይር ገባ፤ አጎቱን አይቶ ወጣና ለማቃጠያው ከግቢው በስተደቡብ ያለውን ማንጎ ለማስቆረጥ ሰዎች ጠራ። መጥረቢያው በዝናቡ ውስጥ ይሰማል። ሬሳውን አውርደው ሙዝ ቅጠል ላይ አጋደሙት፤ ራስጌው ግማሽ ኮኮናት ውስጥ ዘይት ሞልተው ጥዋፍ አበሩ። የጎረቤት ሴቶች በረንዳው ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ከፊት ሳራሳ ናት፤ በመንደሩ ያልሰማችው ወሬ የለም፤ የሰማችው ደግሞ ሆዷ ውስጥ አይሰነብትም። ባርጋቪን አቀፈቻት፣ ትንሽ አለቀሰችላት፣ ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

«ምንድነው የሚሸተኝ?» አለች። «ሽፈራው ነው?»

ሳራሳ የባርጋቪን ጭን አየች። ሳህኑ እዚያው ነበር።

«በካርኪዳካም?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ደግሞ? ማነው የሠራው?»

«እኔ» አለች ባርጋቪ።

«ለሳቸው?»

«ለሳቸው። ጠየቁኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ በመዳፏ አፏን ሸፈነች። ባርጋቪ ዓይኗን ወደ ቺሩታ አነሣች። ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ ለመናገር ቀላል ነው፤ ያን ቀንም በልቷል፣ በልቶም ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሯል፣ እትዬ ቺሩታ ሰምታለች፣ ጠይቋት። ቺሩታ መሬት መሬት ታያለች። ደጅ ሳትያን ለሰዎቹ የአጎቱን ደግነት እየነገረ ይሰማል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ቬላዩዳን አገጩ ታስሮ፣ ጥዋፉ ፊቱ ላይ እየበራ ተጋድሟል። አሁን ብትናገርበት መልስ የለውም። እሱ ያኔ አልተናገረላትም፤ መናገር እየቻለ። እሷ ለምን ትተውለታለች? ተናደደች፤ በእሱም፣ በእህቱም፣ በገዛ አፏም፣ አልከፈት ስላላት።

«በሉ ወይ?» አለች ሳራሳ።

«አልበሉም። አልደረስኩላቸውም።»

«ተመስገን» አለች ሳራሳ፣ ደረቷን ይዛ። «እንኳን አልበሉት። በይ አምጪው ልድፋልሽ፤ ሬሳ ባለበት ቤት የበሰለ ነገር አይቀመጥም።»

እጇን ዘረጋች። ባርጋቪ ሳህኑን አልሰጠቻትም።

«ተይው» አለች።

«እንዴት ተይው? ይደፋል እንጂ።»

ባርጋቪ በቀኝ እጇ ሩዙን ከቅጠሉ ጋር ጠቀለለችና ጎረሰች። ደገመች። ሬሳ ፊት፣ በካርኪዳካም፣ የሽፈራው ቅጠል እየበላች፣ አንዷን ሴት እንኳ ቀና ብላ አላየችም። «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለች ከኋላ አንዷ። «ያዟት» አለች ሌላዋ፤ የያዛት ግን የለም። ሳራሳ ወደ ኋላ ሸሸት አለች፤ የሚጋባ ነገር ይመስል።

ቺሩታ ከወንድሟ ራስጌ ተነሣች። በጉልበቷ ተደግፋ፣ አጥንቷ እየተንቋቋ፣ መጥታ ባርጋቪ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ሰዳ ከሳህኑ ጥግ ቅጠሉን በሦስት ጣቷ አነሣችና አፏ ውስጥ አደረገችው። ሴቶቹ ሁሉ ያያሉ። ጥርስ ስላልቀራት በድድዋ ነው የምታላምጠው፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ዋጠችው።

«ጨው ረስተሻል» አለች።

«ቸኩዬ ነው» አለች ባርጋቪ።